ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱ



በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኩለር ስለምንለው ዕቃ ነው። ርዕሱ የጌም ወዳጆች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ማታ የኳስ ጌም የሚከፈትበት ኮምፒውተር ቀን ላይ የአርክቴክቸር ሬንደር፣ የሲቪል ዲዛይን ወይም የኮድ ሥራ የሚሠራበት ያው ኮምፒውተር ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ ያንን ኮምፒውተር የገዛነው ቤተሰብ ከራሱ ቀንሶ በላከልን ገንዘብ ነው። ስለዚህ የትኛው ኩለር ይበጃል የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ምክር ለሚሰጠው ሰው ደግሞ የአማና ጥያቄ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

የሰጠሁት የተሳሳተ ምክር

ባለፈው ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ የሆነ የዶርም ወንድማችን ከመግሪብ በኋላ መጥቶ «አንተ ኢንጂነሪንግ ነህ፣ እስቲ ምከረኝ» አለኝ። ጌም ሲከፍት ለአሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። ሬንደር ሲያደርግ ደግሞ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ጭነን ስናይ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል።

እኔም ኬዙን እንኳ ሳልከፍት «ይህቺ ትንሽ ኩለር አትችልም፣ የውኃ ኩለር ግዛ» አልኩት። መነሻዬ ከቪዲዮ ያየሁት ብቻ ነበር። ልጁ አመነኝ። ጅዳ የምትሠራ እህቱ ገንዘቡን ከፈለች፤ ዕቃው በመንገደኛ እጅ መጣ።

ልንገጥመው ኬዙን ስንከፍት ሁለት ነገር አየን። አንደኛ፣ የውኃው ኩለር ራዲያተር ለሁለት ፋን የተሠራ ባለ 240 ሚሊሜትር ነው፤ ኬዙ ውስጥ ከፊትም ከላይም የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ሁለተኛ፣ የድሮው ኩለር ክንፎች መሐል አቧራው እንደ ጥጥ ተጠቅጥቋል፤ ከሥሩ ያለው ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አቧራውን አጸዳን፣ አዲስ ፔስት ቀባን፣ ያንኑ የድሮውን ኩለር መልሰን አሰርነው። ሙሉ ሥራ ላይ 74 ዲግሪ ሆነ። መቆራረጡም ቆመ።

ጥፋቱ የኩለሩ ትንሽነት አልነበረም። የእህቱ ገንዘብ ግን ወጥቶ ነበር። ዕቃው ከባሕር ማዶ ስለመጣ የሚመለስበት ሱቅ የለም፤ በኋላ በኪሳራ ተሸጠ። «አውፍ በለኝ» ብዬው፣ ከጎደለው ላይ የቻልኩትን ያህል ከፈልኩ። እንግዲህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ያን ዕለት ማወቅ የነበረብኝ ነው።

ሙቀትን እንደ ኤሌክትሪክ አስቡት

የኦም ሕግን ሁላችንም ከሃይስኩል እናውቃለን፤ የቮልቴጅ ልዩነት ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ሙቀትም በተመሳሳይ መንገድ ይሰላል። ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ዋት እንደ ከረንት ነው። በፕሮሰሰሩና በአካባቢው አየር መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት እንደ ቮልቴጅ ነው። ኩለሩ፣ ፔስቱና የክንፎቹ ንጽሕና ተደምረው የሙቀት ሬዚስታንስ ይሆናሉ፤ መለኪያውም ዲግሪ በዋት ነው። ስለዚህ፦

የፕሮሰሰሩ ሙቀት = የአየሩ ሙቀት + (ዋት × ሬዚስታንስ)

የወንድማችን ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ 5-12400 ነው። ዶርሙ 22 ዲግሪ ነበር። ከጽዳቱ በኋላ ፕሮግራሙ 75 ዋትና 74 ዲግሪ አሳየን። ልዩነቱ 52 ዲግሪ ነው፤ ለ75 ሲካፈል ሬዚስታንሱ ወደ 0.7 ይመጣል። ከጽዳቱ በፊት ግን 60 ዋትና 100 ዲግሪ ነበር፤ 78 ለ60 ሲካፈል 1.3 ነው። አቧራውና የደረቀው ፔስት ሬዚስታንሱን እጥፍ ሊያደርጉት ጥቂት ነው የቀራቸው።

የዋቱን መቀነስም ልብ በሉ። ይህ ፕሮሰሰር ከ100 ዲግሪ እንዳያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ገደቡ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከ75 ዋት ወደ 60 የወረደው ለዚህ ነው። ጌሙ ሲቆራረጥ የምናየውም ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ «ተበላሸ» ማለት ሳይሆን «ሙቀቴን የምጥልበት መንገድ ጠበበብኝ» እያለ ነው።

ፔስት ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? የፕሮሰሰሩ ክዳንና የኩለሩ ሥር ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በመሐላቸው ጥቃቅን ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን የሚሞላው አየር ነው። መዳብ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ 400 ገደማ ሲሆን የአየር 0.026 ብቻ ነው፤ ሁለቱም በዋት በሜትር በኬልቪን ሲለኩ ነው። ደህና ፔስት ከ5 እስከ 10 ይደርሳል። ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው፤ ከአየር ጋር ሲነጻጸር ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል።

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ

አዲስ ኩለር ከማሰባችሁ በፊት እነዚህን በቅደም ተከተል አድርጉ።

1. ለኩ። እንደ ኤችደብሊው ኢንፎ ያለ ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ፣ ጌም ሲከፈትና ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ ዋቱንና ዲግሪውን ጻፉ። የክፍሉንም ሙቀት ጻፉ። ያለ ቁጥር የሚሰጥ ምክር ግምት ነው።

2. ኬዙን ክፈቱ። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ የኬዙን ብረት ንኩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። የአየር መንፊያ ካላችሁ ፋኑን በጣት ይዛችሁ ንፉ፤ በነፋሱ ኃይል በፍጥነት ከተሽከረከረ ሊጎዳ ይችላል።

3. ፔስቱን ቀይሩ። ኩለሩን ከማንሳታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርታችሁ አሙቁት፣ ከዚያ አጥፍታችሁና ገመዱን ነቅላችሁ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በተለይ ኤኤም 4 ሶኬት ላይ ያሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች እግሮቻቸው ከራሳቸው ሥር ስለሆኑ፣ በደረቀ ፔስት ተጣብቀው ከኩለሩ ጋር ሊነቀሉና እግራቸው ሊጣመም ይችላል። የድሮውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ። ይህ አልኮል የሚጠጣው ዓይነት አይደለም፤ መርዝ ነውና ከአፍና ከዓይን አርቁት። አዲሱን ፔስት የአተር ፍሬ ያህል መሐል ላይ አድርጉ፤ ሲጫን ራሱ ይሰራጫል። ሲበዛ አይሻልም።

4. አጣብቃችሁ እሰሩ። የኢንቴል የካርቶን ኩለር አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት፤ አንዱ እንኳ ካልገባ ኩለሩ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ብሎን ካለውም አንዱን እስከመጨረሻ ከማሰር ይልቅ በሰያፍ እየተፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አዲስ ኩለር ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ መላጣችሁን አረጋግጡ። ይህን ረስቶ ኩለሩን የሚወቅስ ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ እንደገና ለኩ። ጌም ላይ ከ80 ዲግሪ በታች ከሆነና ድምፁ ካልረበሻችሁ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። አሁንም ፍጥነቱ እየወረደ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ አዲስ ኩለር እንነጋገር።

ፕሮሰሰራችሁ ስንት ዋት ነው?

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የኮር አይ 5-12400 መነሻ ኃይል 65 ዋት ሲሆን የቱርቦ ጣሪያው 117 ዋት ነው። የኮር አይ 9-14900ኬ መነሻ 125 ዋት፣ ጣሪያው ግን 253 ዋት ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7-7800ኤክስ3ዲ 120 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም ጌም ላይ ከዚያ ብዙ ዝቅ ብሎ ይሠራል።

በአጠቃላይ ጌም ፕሮሰሰሩን እንደ ሬንደር አያሟጥጠውም። ጌም ላይ ትልቁን ሙቀት የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በዋናነት ለጌም የሚፈልግ ሰውና ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር የሚያደርግ ሰው፣ ፕሮሰሰራቸው አንድ ቢሆንም፣ የሚበቃቸው ኩለር ይለያያል።

አሁን ቀመሩን እንጠቀም። ለምሳሌ ያህል ጥሩ ባለ ታወር የአየር ኩለር ሬዚስታንሱ 0.4፣ ባለ 240 የውኃ ኩለር 0.35 ነው እንበል። 75 ዋት ላይ በ22 ዲግሪ ክፍል ታወሩ 52 ዲግሪ፣ የውኃው 48 ዲግሪ ይሰጣሉ። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ነው፤ ለ4 ዲግሪ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ ያስወጣሁት! በ253 ዋት ግን ያው ታወር 123 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህ ማለት ፕሮሰሰሩ ገደቡ ላይ ደርሶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ «የትኛው ኩለር ምርጥ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ጥያቄው «ለስንት ዋት፣ በስንት ዲግሪ ክፍል?» መሆን አለበት።

የምትኖሩበት አየር

ቀመሩ ውስጥ የአየሩ ሙቀት በቀጥታ ይደመራል። በ22 ዲግሪ ዶርም 74 የሚያሳየው የካርቶን ኩለር፣ በሰመራ ወይም በድሬዳዋ ሞቃት ቀን ክፍሉ 38 ሲሆን 90 ያሳያል። በበጋ ዕረፍት ኮምፒውተራቸውን ይዘው ወደ ቆላ የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ይህን ያስቡ። ኩለሩ የሚያገኘው አየር ደግሞ የኬዙ ውስጥ አየር ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ሲሠራ ከክፍሉ ብዙ ዲግሪ ይበልጣል። ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን የሌለው ኬዝ ውስጥ የተገጠመ ውድ ኩለር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ይስባል። አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ኩለር ይልቅ አንድ ርካሽ የኬዝ ፋን ይበልጥ ይጠቅማል።

ደጋ ላይ ያለን ደግሞ ሌላ ነገር አለብን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚያዞረው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በውጭ አገር በባሕር ጠለል አካባቢ የተለካን ውጤት ስታነቡ የዲግሪ ልዩነቱን ከ10 እስከ 20 በመቶ ከፍ አድርጋችሁ አስቡት። የውኃ ኩለርም ከዚህ አያመልጥም፤ ውኃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ራዲያተሩ ያጓጉዛል እንጂ በመጨረሻ የሚቀበለው ያው ስስ አየር ነው። ደግነቱ የደጋው ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ በአንድ በኩል የጎደለን በሌላ በኩል ይካሳል።

ሦስቱ ዓይነቶች

የካርቶን ኩለር፦ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ነው። ለ65 ዋት ክፍል ፕሮሰሰሮች፣ ንጹሕ ከሆነና ክፍሉ ካልሞቀ፣ ይበቃል። መጨረሻቸው «ኬ» የሆኑት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህ ኩለር አብሯቸው አይመጣም።

ታወር የአየር ኩለር፦ ከሥሩ የመዳብ ቱቦዎች ተነስተው ወደ ክንፎቹ ይወጣሉ። ሂት ፓይፕ የሚባሉት እነዚህ ቱቦዎች ባዶ አይደሉም። አየር ተመጥጦ ወጥቶላቸው ጥቂት ፈሳሽ፣ ብዙውን ጊዜ ውኃ፣ ይዘዋል። ፈሳሹ ከታች በሙቀቱ ይተናል፣ ከላይ ክንፎቹ ዘንድ ይቀዘቅዝና ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ተስቦ እንደገና ይወርዳል። ያለ ፓምፕ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዑደት ነው፤ ሱብሓነላህ! የሚንቀሳቀሰው ክፍል ፋኑ ብቻ ስለሆነ፣ ሲበላሽ ልኩ የሚስማማ መደበኛ ፋን ሊተካው ይችላል። ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ የተባለው ባለ ስድስት ቱቦና ባለ ሁለት ፋን ታወር በውጭ ገበያ ከ40 ዶላር ባነሰ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ለአብዛኛው የጌም ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው።

የውኃ ኩለር፦ ፓምፕ፣ ቱቦና ራዲያተር አለው። ከ200 ዋት በላይ ለረጅም ሰዓት ለሚጎትት ፕሮሰሰር ባለ 360 ራዲያተር ትርጉም አለው። ነገር ግን ፓምፑ ከቆመ ሙቀቱ ወዲያው ይወጣል፤ ውኃውም በዓመታት ውስጥ በቱቦው ግድግዳ እያለፈ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል፤ አብዛኞቹም እንዲሞሉ ተደርገው አልተሠሩም። ዋስትናውን የሚያከብር ሱቅ በአቅራቢያችሁ ከሌለ ይህን አስቡበት። ከገዛችሁም የራዲያተሩ የላይኛው ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ይበል፤ አለዚያ የተጠራቀመው አየር ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ መንገድም አለ፤ ዋጋውም ነጻ ነው። ትልቅ ፕሮሰሰር ካላችሁ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የዋት ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ፤ ኤኤምዲ ላይ ኢኮ ሞድ ይባላል። ጌም ላይ የሚጠፋው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚቀንሰው ሙቀት ግን ብዙ ነው።

መግጠሙን አረጋግጡ

የእኔ ስህተት ግማሹ እዚህ ላይ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ለኩ።

ሶኬት፦ የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት 78 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ኤልጂኤ 1200 እና 1151 ግን 75 ነው። የድሮ ኩለር ያለ አዲስ ማሰሪያ በትክክል አይቀመጥም።

ቁመት፦ ከማዘርቦርዱ እስከ ኬዙ ክዳን ያለውን ርቀት እዩ። ከላይ የጠቀስኩት ታወር 155 ሚሊሜትር ነው፤ የኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ደግሞ 165 ነው። የአሥር ሚሊሜትር ልዩነት ክዳኑ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ራም፦ ረጅም ጌጥ ያለው ራም ከታወሩ ፋን ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፦ ብዙዎቹ የራሳቸው የሆነ ማዘርቦርድ፣ ማሰሪያና የፋን ሶኬት አላቸው። የገበያ ኩለር ላይገጥም ስለሚችል አስቀድማችሁ ኬዙን ከፍታችሁ እዩ።

በመጨረሻ

ኢስራፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ምግብና ውኃ ይታወሰናል። 48 ዲግሪ እና 52 ዲግሪ ሁለቱም ለፕሮሰሰሩ ደህና ሆነው ሳለ ለአራቱ ዲግሪ የወር አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ ማውጣትም ከዚያው ይቆጠራል ብዬ አስባለሁ። ውድ ኩለር ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ 253 ዋት ለሚጎትት ሥራ የሚያስፈልገው ሰው አለ። መለያው ፍላጎቱ በቁጥር መታየቱ ነው። ደግሞ ለሰዓታት በጌም ሲቃጠል አድሮ ለፈጅር የማይነሳ ሰው፣ ፕሮሰሰሩ ምን ቢቀዘቅዝለት ምን ይጠቅመዋል?

ኢንጂነሪንግ ለምንማር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ምክር የተጠየቀ ሰው አማና እንደተጣለበት ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። ወንድማችሁ «ምን ልግዛ?» ብሎ ሲመጣ ያመናችሁ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ስላጣ ነው። የሚከፍለው ገንዘብም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ላብ ነው። «አላውቅም፣ መጀመሪያ ከፍተን እንየው» ማለት አያሳፍርም። እኔ ያን ዕለት ይህን ብል ኖሮ ሥራው አንድ ብሩሽና ጥቂት ፔስት ይበቃው ነበር።

ኮምፒውተሩ የሚሞቅበት ካለ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ይዞ ይምጣ፤ ብሩሽና ፔስት እኔ ጋ አለ። አብረን እንከፍተዋለን፣ እንለካለን፣ ከዚያ ነው ስለ ግዢ የምናወራው ኢንሻአላህ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ በገንዘባችንም በረካ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።